በሰከንድ ሽራፊ የሚለይ ራሊ እንዴት ይታያል? ከፕሮግራሙ እስከ መጨረሻው ስቴጅ

ራሊን እንደ ፎርሙላ ዋን ለማየት የተቀመጠ ሰው በአስር ደቂቃ ውስጥ ይሰለቸዋል። አልፈርድበትም። ሁለቱ ተፎካካሪዎች ጎን ለጎን አይሄዱም፣ አንዱ ሌላውን ሲቀድም አይታይም። አንድ መኪና አቧራውን አስነስቶ እልም ይላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጸጥታ። ከዚያ ሌላው ይመጣል፣ እሱም እልም። ማን እየመራ ነው? በዓይን አይታወቅም። ፉክክሩ ያለው ሰዓቱ ውስጥ ነው። ሰዓቱን ማንበብ የለመደ ሰው ግን ከወንበሩ መነሳት ያቅተዋል።

በ2011 የዮርዳኖስ ራሊ ሴባስቲያን ኦዢዬ ያሪ-ማቲ ላትቫላን ያሸነፈው በ0.2 ሰከንድ ነው። ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የውድድር መንገድ ከተነዳ በኋላ! በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ0.2 ሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ይጓዛል፤ ከአንድ መኪና ርዝመት ብዙም አይበልጥም። በ2007 ኒውዚላንድ ላይ ማርከስ ግሮንሆልም ሴባስቲያን ሎብን የቀደመው በ0.3 ነበር። እንዲህ ያለውን ፉክክር ውጤቱ ከወጣ በኋላ ማንበብና እየሆነ እያለ መከታተል የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ።

እኔ መጀመሪያ በቁም ነገር የተከታተልኩት ራሊ ላይ የምደግፈው ሾፌር ሰንጠረዡ አናት ላይ ሲወጣ ጮኬ ቤቱን አናወጥኩት። ለካ ቀድሞ የተነሳው መኪና እሱ ነበር። ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው። ብቻውን አንደኛ፣ ብቻውን መጨረሻ። እናንተም እንዲህ እንዳትሸወዱ ነው ይሄን የምጽፈው።

የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ እርሳስና ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ነው። እርሳስ ያልኩት በምክንያት ነው፣ መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ፕሮግራሙን በደብተር ገልብጡ

እያንዳንዱ ራሊ ከቀናት በፊት የጊዜ ሰሌዳውን ያወጣል። በዓለም ሻምፒዮና ደረጃ ያለ ራሊ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የፍጥነት መንገድ አለው፣ ይሄም ወደ ሃያ ገደማ ስቴጆች (ለውድድሩ የተዘጉ፣ መኪናዎቹ ተራ በተራ ከሰዓት ጋር የሚነዷቸው የመንገድ ክፍሎች) ተከፋፍሎ ሦስት ወይም አራት ቀን ይነዳል። በስቴጅና በስቴጅ መሐል መኪናዎቹ በተራ መንገድ፣ የትራፊክ ሕግ አክብረው፣ ከመደበኛ መኪና ጋር ተጋፍተው ይጓዛሉ። ያ ጉዞ ለፍጥነት አይቆጠርም። የሚቆጠረው የስቴጁ ሰዓት ድምር ነው፣ ቅጣት ካለ ቅጣቱም ይጨመርበታል።

ደብተሩ ላይ አምስት አምድ አስምሩ። የስቴጁ ቁጥር፣ ርዝመቱ፣ የመጀመሪያው መኪና መነሻ ሰዓት፣ ስቴጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ወይስ ለሁለተኛ ጊዜ የሚነዳው፣ እና ከዚያ በኋላ የሚቀረው ኪሎ ሜትር። የመጨረሻው አምድ የሁሉም ቁልፍ ነው። ከታች ወደ ላይ እየደመራችሁ ሙሉት። ከመጨረሻው ስቴጅ ጎን ዜሮ ይሆናል፣ ከእሱ በፊት ካለው ጎን የመጨረሻው ስቴጅ ርዝመት፣ እንዲህ እያለ ይወጣል። ለምን እንደሚጠቅም ደረጃ 5 ላይ እመጣበታለሁ።

የመነሻው ሰዓት ራሊው የሚካሄድበት አገር ሰዓት ስለሆነ ወደ ራሳችሁ ሰዓት ቀይራችሁ ጻፉት። ይሄን ቀላል ነገር ንቆ ሙሉ ጠዋት ያመለጠው ሰው አውቃለሁ። ራሴ ነኝ።

ደረጃ 2፦ መንገድ የሚጠርገው ማን እንደሆነ እወቁ

ራሊ ላይ ሁሉም አንድ መንገድ ይነዳል፣ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት መንገድ አያገኝም። ይሄ ያልገባው ሰው ሰንጠረዡን ዓመት ሙሉ ቢያፈጥበት ምንም አይገባውም።

ደረቅ የፒስታ መንገድን አስቡ። ላዩ ላይ ልል ጠጠርና አሸዋ ተበትኗል። መጀመሪያ የሚሄደው መኪና ጎማው ጠጠሩ ላይ እየተንሸራተተ፣ ፍሬን ሲይዝ እየሸሸበት፣ መንገዱን ለሌሎቹ እየጠረገ ያልፋል። ሁለተኛው ትንሽ ይሻለዋል። አምስተኛውና ስድስተኛው ጋ ሲደርስ ጎማው የሚነዳበት መስመር ተጠርጎ ጠንካራው መሬት ብቅ ይላል። አዲስ የጣለ በረዶ ላይም ቀድሞ የሚገባው እንደዚሁ ይለፋል።

አስፋልት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሾፌሮቹ ኩርባ ሲያሳጥሩ ጎማቸው ከመንገዱ ጠርዝ አፈርና ጠጠር እየጎተተ አስፋልቱ ላይ ይበትነዋል። ቀድሞ የሄደ ንጹሕ አስፋልት አገኘ፣ ኋላ የመጣ ጭቃ ላይ ተንሸራተተ። ፒስታው ላይ ዝናብ ከጣለም ቀድሞ መሄድ እንደ ዕድል ሊቆጠር ይችላል፣ ምክንያቱም ጭቃው ገና አልተቦካም።

በዓለም ሻምፒዮናው የመጀመሪያው ሙሉ ቀን፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ዓርብ፣ መነሻው በሻምፒዮናው ነጥብ ቅደም ተከተል ነው። ነጥቡን የሚመራው ሰው ቀድሞ ይወጣል። በቀጣዮቹ ቀናት ዋናዎቹ መኪናዎች በራሊው ውጤት ተገልብጠው ይሰለፋሉ፣ መሪው መጨረሻ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ፒስታ ራሊ ላይ ዓርብ ማታ የሻምፒዮናው መሪ አምስተኛ ሆኖ በ20 ሰከንድ ቢቀደም "አለቀለት" አትበሉ። መንገድ ሲጠርግ ውሎ ያን ያህል ብቻ ከጠፋበት ጥሩ ነድቷል ማለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት የት እንደሚነሳ እዩና ከዚያ ፍረዱ። ከዚህ በፊት ቡድኖች በቀኑ የመጨረሻ ስቴጅ ላይ ሆን ብለው ፍጥነት ቀንሰው፣ ለነገ የተሻለ መነሻ የገዙበት ጊዜም ብዙ ነው።

ደብተራችሁ ላይ በየቀኑ አናት የመነሻውን ተራ ጻፉ። በቃ፣ የቀኑ ግማሽ ትንታኔ አለቀ።

ደረጃ 3፦ ስክሪናችሁን አዘጋጁ

አጭር ነው። የሻምፒዮናው ይፋዊ ድረ ገጽና መተግበሪያ የቀጥታ ሰዓትና መኪናዎቹን በጂፒኤስ የሚያሳይ ካርታ አላቸው። ራሊ ቲቪ የሚባለው የክፍያ አገልግሎት ስቴጆቹን በቀጥታ ያስተላልፋል። ሰዓቱን አንድ ስክሪን ላይ፣ ቪዲዮውን ሌላ ስክሪን ላይ ክፈቱ።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ቪዲዮው ከሰዓቱ ሰንጠረዥ ኋላ ይቀራል። ሰንጠረዡን ካያችሁ ቪዲዮው ላይ ሾፌሩ ሲጨርስ ውጤቱን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ዓርብና ቅዳሜ ሰንጠረዡን አስቀድማለሁ፣ የመጨረሻው ስቴጅ ላይ ግን ስልኬን ገልብጬ አስቀምጣለሁ። የጓደኞች ግሩፕ ካላችሁም ድምፁን ዝጉት፣ ሁልጊዜ አንድ አፉን መያዝ የማይችል አለ።

ደረጃ 4፦ ስፕሊት ማንበብ ልመዱ

ስፕሊት ስቴጁ መሐል ላይ የሚወሰድ ሰዓት ነው። አንድ ረዥም ስቴጅ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስፕሊት ይኖረዋል። ሰንጠረዡ ብዙውን ጊዜ የሚያወዳድረው እስካሁን ፈጣን ከሆነው ሰው ጋር ነው። ለእናንተ ግን ያ አያስፈልግም። ጠባብ ፉክክር ላይ የሚያስፈልጋችሁ የሁለቱ ሰዎች ልዩነት ብቻ ነው። ሦስተኛው ሰውዬ ስቴጁን ቢያሸንፍ ያሸንፍ፣ አያገባችሁም።

በምሳሌ እንየው። መሪውን ቀዩ መኪና፣ አሳዳጁን ነጩ መኪና እንበላቸው። ቀዩ በ6.0 ሰከንድ ይመራል። ስቴጁ 24 ኪሎ ሜትር ነው። ቀኑ ቅዳሜ ስለሆነ ነጩ ቀድሞ ይነሳል፣ ቀዩ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ይከተላል። ቀዩ እያንዳንዱ ስፕሊት ላይ ሲደርስ ነጩ ምን ያህል እንዳተረፈ ጻፉ።

የመጀመሪያው ስፕሊት፦ ነጩ በ0.8 ፈጣን። ሁለተኛው፦ በ1.9። ሦስተኛው፦ በ1.7። አራተኛው፦ በ3.2። መጨረሻው፦ በ3.6።

ጀማሪ "ነጩ 3.6 አተረፈ፣ መሪነቱ 2.4 ቀረ" ብሎ ያልፋል። ልክ ነው፣ ግን ታሪኩ ውስጡ ነው ያለው። ስፕሊቶቹ የተጠራቀሙ ስለሆኑ እያንዳንዱን ከፊተኛው ቀንሱ። 0.8፣ ከዚያ 1.1፣ ከዚያ ሲቀነስ 0.2፣ ከዚያ 1.5፣ ከዚያ 0.4። አያችሁ? ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ስፕሊት ባለው መንገድ ላይ ቀዩ ፈጥኗል። ሌላው ቦታ ሁሉ ነጩ ነው። ያ ቦታ ምንድን ነው? ካርታውን ክፈቱ። ጠባብና ጠመዝማዛ ከሆነ ቀዩ እዚያ ይሻላል ማለት ነው፣ ወይም ነጩ እዚያ አንድ ኩርባ ስቷል። የትኛው እንደሆነ ቪዲዮው ወይም ስቴጁ መጨረሻ ላይ የሚደረገው ቃለ ምልልስ ይነግራችኋል።

አሁን ጣፋጩ ነገር። ብዙ ስቴጆች ጠዋትና ከሰዓት ሁለቴ ይነዳሉ። ከሰዓት ያው ስቴጅ ሲመጣ ደብተራችሁ ላይ የጠዋቱ ቁጥር አለ። ነጩ የመጀመሪያው ስፕሊት ላይ ጠዋት 0.8 አትርፎ ከነበረና አሁን ዜሮ ከሆነ፣ ቀዩ ጠዋት ያጣውን ቦታ አግኝቶታል። አስተያየት ሰጪው ሳይናገረው እናንተ ታውቁታላችሁ።

ስፕሊት ላይ አንድ ሰው በድንገት 10 እና 15 ሰከንድ ከጠፋበት ወዲያው አትደንግጡ፣ ቀጣዩን ስፕሊት ጠብቁ። ኪሳራው እዚያው ከቆመ ስህተት ነበር፣ አልፏል። በየስፕሊቱ እየጨመረ ከሄደ ጎማው ተንፍሷል ወይም መኪናው ታሟል።

ቃለ ምልልሱንም አትዝለሉ። ሾፌሩ ሰዓቱን ከማየቱ በፊት የሚለው ነገር ከሰዓቱ በኋላ ከሚለው ይበልጥ እውነት ነው። "ጎማዬ አልቆ ነበር" የሚለውን ግን ካሜራው ጎማውን እስኪያሳያችሁ አትመኑ። ሁሉም እንደዚያ ይላል።

ደረጃ 5፦ ልዩነቱን ለቀረው ኪሎ ሜትር አካፍሉ

ያ የመጨረሻ አምድ እዚህ ጋ ይሠራል። 2.4 ሰከንድ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ብቻውን ትርጉም የለውም። 36 ኪሎ ሜትር ከቀረ ነጩ በኪሎ ሜትር 0.07 ሰከንድ ገደማ ማትረፍ አለበት። አሁን በጨረሰው ስቴጅ ስንት አተረፈ? 3.6 ለ24 ሲካፈል 0.15። እንግዲህ በዚሁ ከቀጠለ ያልፈዋል ማለት ነው። ቀዩ ይሄን ያውቃል፣ ቡድኑም ያውቃል፣ ስለዚህ ቀጣዩ ስቴጅ ላይ አንድ ነገር ይሞክራል። ፉክክሩን እየሆነ እያለ ማየት ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

ለእያንዳንዱ ስቴጅ ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ "የሚያስፈልገው" እና "ያደረገው"። የእኔ መለኪያ እንዲህ ነው። የሚያስፈልገው በኪሎ ሜትር ከ0.1 በታች ከሆነ ማንም ሊያሸንፍ ይችላል፣ ሻያችሁን አስቀድማችሁ አፍሉ። ከ0.1 እስከ 0.3 ከሆነ አሳዳጁ ሕይወቱን ሰጥቶ መንዳት አለበት። ከ0.5 ካለፈ በንጹሕ ፍጥነት ብቻ ይከብዳል፣ ዝናብ ወይም የጎማ ምርጫ ወይም የመሪው ስህተት ይፈልጋል። ከአንድ ሰከንድ በላይ ከሆነ አሳዳጁ የሚጠብቀው የሌላውን መከራ ነው።

መለኪያው እንደ ራሊው ይለያያል። ፊንላንድ ላይ ስቴጆቹ በአማካይ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚነዱ፣ ጥሩ ሾፌሮች ሁሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የሚሄዱት፣ ልዩነቱም ቀጭን ነው። እዚያ 8 ሰከንድ ትልቅ ግንብ ነው። የኬንያው ሳፋሪ ወይም የግሪኩ አክሮፖሊስ ላይ ግን ድንጋዩና ጉድጓዱ አንድ ደቂቃን በአንድ ኩርባ ስለሚበላ፣ 20 ሰከንድ መምራት እንቅልፍ አያስተኛም።

ደረጃ 6፦ ጎማውን ጠይቁ

ቡድኖቹ ለሙሉ ራሊው የሚፈቀድላቸው ጎማ ቁጥሩ የተወሰነ ነው። ለስላሳ ጎማ ቶሎ ይይዛል ቶሎ ያልቃል፣ ጠንካራው ይቆያል ግን ቀዝቃዛና እርጥብ መንገድ ላይ ይንሸራተታል። ከሰርቪስ፣ ማለትም መካኒኮች መኪናውን ከሚጠግኑበት ቦታ፣ ሲወጡ ማን ምን እንደጫነ ይነገራል፣ ጻፉት። ሁለቱ ተፎካካሪዎች የተለያየ ጎማ ከመረጡ ከሰዓቱ በፊት ውድድሩ እዚያ ተጀምሯል።

ትርፍ ጎማም ቁጠሩ። አንድ የጫነ ቀሎት ይፈጥናል። ሁለት የጫነ ጎማ ቢፈነዳበት ይተርፋል። ስቴጅ መሐል ቆሞ ጎማ መቀየር ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ገደማ ስለሚበላ፣ አንዳንዱ በፈነዳ ጎማ እየጎተተ መጨረስን ይመርጣል። ሞንቴካርሎ ላይ ነገሩ ይብሳል፦ አንድ ስቴጅ ውስጥ ደረቅ አስፋልት፣ እርጥብ፣ ከዚያ ቱሪኒ የሚባለው ተራራ አናት ላይ በረዶ ሊኖር ይችላል። ለሁሉም የሚሆን ጎማ ስለሌለ አንዱን ከሌላው ቀላቅለው ይጭናሉ። እዚያ ስፕሊቱ ሽቅብና ቁልቁል ቢዘል አትገረሙ፣ ሂሳቡን መጨረሻ ላይ ሥሩ።

ደረጃ 7፦ ከስቴጅ ውጪ የሚጠፋውን ሰዓት አትርሱ

ስቴጅ ያለቀ ሲመስላችሁ ለመነሳት አትቸኩሉ። መኪናው ወደ ቀጣዩ የሰዓት መቆጣጠሪያ ጣቢያ መድረስ ያለበት በተነገረው ደቂቃ ነው። ዘግይቶ ከገባ ለእያንዳንዱ ደቂቃ 10 ሰከንድ ይቀጣል። ቀድሞ ከገባማ ለእያንዳንዱ ደቂቃ አንድ ሙሉ ደቂቃ። ለዚህ ነው ረዳት ሾፌሩ ሰዓት የሚመዘገብበትን ካርድ ይዞ መቆጣጠሪያው አጠገብ ቆሞ፣ ሰዓቱ ላይ አፍጥጦ፣ ደቂቃዋ ስትለወጥ ብቻ የሚያስረክበው። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ታግሎ ያመጣውን 6 ሰከንድ አንድ የተሳሳተ ደቂቃ ይበላዋል።

ከሰርቪስ ውጪ መኪናውን መንካት የሚችሉት ሁለቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ መኪናው ላይ በያዙት ዕቃ። ስለዚህ ስቴጅ ካለቀ በኋላ የጂፒኤስ ካርታውን እዩ። ተራ መንገድ ላይ የአንዱ ነጥብ ከቆመና ካልተንቀሳቀሰ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ሌላው ዓለም ከመስማቱ በፊት እናንተ ታውቃላችሁ። የማታው ሰርቪስ 45 ደቂቃ ነው፣ በዚያ ውስጥ መካኒኮቹ ማርሽ ሳጥን አውርደው ሌላ ሲገጥሙ ማየት ራሱ አንድ ትርኢት ነው።

ስቴጅ በአደጋ ምክንያት ከቆመ፣ ሳይጨርሱት ለቀሩት አዘጋጆቹ ተገቢ ያሉትን ሰዓት ይሰጧቸዋል። ውሳኔው ሊዘገይ ስለሚችል ደብተራችሁ ላይ ጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ።

ደረጃ 8፦ መንገዱ ዳር ከሆናችሁ በራሳችሁ ሰዓት ለኩ

መጀመሪያ ነፍስ። ከኩርባው ውጪ በኩል በፍጹም አትቁሙ፣ መኪና መስመር ሲስት የሚሄደው ወደዚያ ነው። ከመንገዱ ከፍ ያለ ቦታ ምረጡ፣ ከኋላችሁ መሸሻ ይኑር፣ አስተናባሪዎቹ ሂዱ ካሉ ሂዱ። መንገዱ ውድድሩ ከመጀመሩ ከሰዓታት በፊት ስለሚዘጋ ቀድማችሁ ድረሱ። ከተወዳዳሪዎቹ በፊት መንገዱን የሚያጣሩ የአዘጋጆች መኪናዎች ያልፋሉ። የመጨረሻው፣ ቁጥሩ ዜሮ የሆነው፣ ሲያልፍ ቀጥሎ የሚመጣው እውነተኛው ነው።

ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም፣ ቢሠራም ሺህ ሰው አንድ ኔትወርክ ላይ ተጣብቋል። ግድ የለም። መኪናዎቹ በተወሰነ ልዩነት ስለሚነሱ ስልካችሁ ላይ ያለው ስቶፕዋች ይበቃል።

እንዲህ አድርጉ። ከመንገዱ ማዶ አንድ የማይንቀሳቀስ ምልክት ምረጡ፣ ድንጋይ ወይም እንጨት። ነጩ መኪና የፊት ጎማው ምልክቱን ሲያልፍ ሰዓቱን አስነሱ። ከዚያ ጠብቁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከሸለቆው ማዶ የሞተር ድምፅ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ከኮረብታው ጀርባ እንደገና ይሰማል። ጣታችሁ ላቡን ያመጣል። ቀዩ ከኩርባው ብቅ ብሎ ምልክቱን ሲያልፍ አቁሙ።

የመነሻ ልዩነታቸው ሦስት ደቂቃ ከነበረና ሰዓታችሁ 3፡02.4 ካለ፣ ቀዩ ከስቴጁ መነሻ እናንተ እስካላችሁበት ድረስ 2.4 ሰከንድ ጠፍቶበታል። 2፡58 ካለ ሁለት ሰከንድ አትርፏል። በመሐላቸው ሌላ መኪና ካለ ስድስት ደቂቃ አድርጋችሁ ቁጠሩ። የእጅ ስህተት ሁለት ሦስት የሰከንድ አስረኛ ስለሚሆን በአስረኛዋ አትከራከሩ። ደግሞ አቧራ አየር ላይ ቆሞ አልወርድ ሲል አዘጋጆቹ ልዩነቱን ያሰፉታል፣ ስለዚህ የዕለቱን ልዩነት አስቀድማችሁ አጣሩ። እኔ አንዴ ይሄን ሳላጣራ አጠገቤ ለነበሩት ሁሉ "መሪው አንድ ደቂቃ ጠፋበት!" ብዬ አወጅኩ። ሰዎቹ አምነውኝ ነበር። ቀስ ብዬ ቦታ ቀየርኩ።

ደረጃ 9፦ የመጨረሻው ቀን

እሁድ ሁሉም ሰው ለአንድ ነገር አይነዳም። ከ2025 ጀምሮ ከአጠቃላዩ ነጥብ ሌላ የእሁድ ስቴጆች ድምር ብቻውን ከ5 እስከ 1 ነጥብ ያስገኛል፣ ፓወር ስቴጅ የሚባለው የራሊው የመጨረሻ ስቴጅም እንዲሁ ለአምስቱ ፈጣኖች ከ5 እስከ 1 ይሰጣል። ስለዚህ በአጠቃላዩ ሩቅ ያለ ሰው እሁድ ጠዋት እንደ እብድ ሊነዳ ይችላል። ሌላው ደግሞ ጎማውን ለፓወር ስቴጅ እያስቀመጠ ሆን ብሎ ይዘገያል። ሁለቱ ተፎካካሪዎቻችሁ ግን የቀራቸው ኪሎ ሜትር እየተሟጠጠ ስለሆነ "የሚያስፈልገው" ቁጥር በየስቴጁ ይጨምራል። እዚህ ጋ ነው ስህተት የሚሠራው።

ፓወር ስቴጁ ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ብቻ በትልቁ ጻፉ፦ ልዩነቱን። አሳዳጁ ይገባል፣ ይጨርሳል፣ ሰዓቱ ይታወቃል። አሁን መሪው በየስፕሊቱ ስንት ማጣት እንደሚችል ታውቃላችሁ። 4 ሰከንድ ይመራ ከነበረና የመጀመሪያው ስፕሊት ላይ 1 ከጠፋው ሦስት ቀረው። መሐሉ ላይ 2.5 ከጠፋው አንድ ተኩል ቀረው። ይሄን ስሌት እያደረጋችሁ የምታዩትን ሦስት ደቂቃ ማንም አይነግራችሁም፣ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

በ2024 ሰርዲኒያ ላይ ኦዢዬ እየመራ ነበር ወደ መጨረሻው ስቴጅ የገባው። ጎማው ቀስ እያለ ተነፈሰ። ኦት ታናክ አስቀድሞ ጨርሶ ቆሟል፣ ኦዢዬ የፍጻሜውን መስመር ሲያልፍ ድሉ በ0.2 ሰከንድ ወደ ታናክ ዞረ። ያው በ2011 ኦዢዬ ያሸነፈበት ልዩነት፣ አሁን በራሱ ላይ። ስፕሊቱን ይከታተል የነበረ ሰው መሪነቱ ሲቀልጥ እያየ ነበር፣ አጠቃላይ ሰንጠረዡን ብቻ የከፈተ ሰው ግን የስም መገለባበጥ ብቻ ነው ያየው።

ሰፊ ልዩነት ካለም ስክሪኑን አትዝጉ። በ1998 የብሪታንያ ራሊ ካርሎስ ሳይንዝ ሻምፒዮን ለመሆን አራተኛ መውጣት ብቻ ነበር የሚበቃው፣ አራተኛም ነበር። የመጨረሻው ስቴጅ ሊያልቅ ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀረው የቶዮታው ሞተር ተበላሸ። ሻምፒዮን የሆነው ቶሚ ማኪነን ነው፣ ያውም ከዚያ ራሊ አስቀድሞ የወጣው።

ደረጃ 10፦ ከፍጻሜው በኋላ

የፍጻሜው መስመር ላይ የሚታየው ውጤት ጊዜያዊ ነው። መኪናዎቹ ይመረመራሉ፣ ቅጣት ካለ ይታያል። በ1966 ሞንቴካርሎ ላይ ሦስት ሚኒዎች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ከጨረሱ በኋላ የፊት መብራታቸው ከደንቡ ውጪ ነው ተብሎ ተሰረዙ፣ ድሉም ሲትሮይን ለነዳው ለፓውሊ ቶይቮነን ተሰጠ። መብራት! ስለዚህ ልዩነቱ ከ10 ሰከንድ በታች ሆኖ ያለቀ ራሊ ላይ ደብተሩን ክፍት ተዉት፣ የአዘጋጆቹን ማስታወቂያ ሰሌዳ አንዴ አየት አድርጉ። ይፋዊው ውጤት ተፈርሞ ሲለጠፍ የመጨረሻውን ቁጥር በእስክሪብቶ ጻፉት። እስከዚያ በእርሳስ ይቆይ።